ማስተካከያ፦ ስለ 630 ሚሊ ሜትር የፍሳሽ ቧንቧ

ለጣና ዳርቻ ዋና የፍሳሽ መስመሮች ስለሚሆነው የኤችዲፒኢ (ጠንካራ ፕላስቲክ) ቧንቧ ቀደም ሲል በወጣው መረጃ «630» የውስጥ ስፋት ተብሏል። የውጭ ዲያሜትር ነው። በኤስዲአር 17 (የውጭ ዲያሜትሩ የግድግዳው ውፍረት 17 እጥፍ ገደማ ሲሆን) የግድግዳው ውፍረት 37 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለፍሳሹ የሚቀረው የውስጥ ዲያሜትር 555 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ የፍሰት ስሌቱም በዚህ ይሠራ።

«ከባድ ስለሆነ አይንሳፈፍም» የተባለውም ስሕተት ነው፤ ይኸኛው ደግሞ ይብሳል። ቧንቧው በሜትር 70 ኪሎ ያህል ቢመዝንም፣ የሚቀበርበት ቦይ ውሃ ሲሞላ ባዶው ቧንቧ 310 ኪሎ ገደማ ውሃ ይገፋል። በሜትር 240 ኪሎ የሚሆነው ልዩነት ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ተዳፋቱ ይበላሻል፣ ፍሳሹም መሐል ላይ ይቆማል። ባሕር ዳር ላይ ሐይቁ በሚሞላበት በመስከረም የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ነው። ስለዚህ ከቦዩ ውሃ የሚያወጣው ፓምፕ የሚቆመው አፈሩ ተመልሶ በደንብ ከተጠቀጠቀ በኋላ ብቻ ነው፤ ሌሊትም ቢሆን አይጥፋ።