የጉያና ደራስያን ስለ መናፍስት መጻፋቸው ሽሽት አይደለም

በደቡብ አሜሪካዋ ጉያና ኮምፋ የሚባል እምነት አለ። ከበሮ ይመታል፤ መንፈስ የወረደበት ሰው ይጨፍራል። ዛርን ለሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። እኔን የደነቀኝ የመናፍስቱ ማንነት ነው፤ አፍሪካዊ አለ፣ ሕንዳዊ አለ፣ ቻይናዊ፣ ሆላንዳዊ፣ እንግሊዛዊ፣ ስፔናዊ፣ የአገሩም ቀደምት ሕዝብ አለ። በባርነት የተጋዙ ሰዎች የልጅ ልጅ ላይ የገዥው የሆላንዳዊ መንፈስ ሊሰፍር ይችላል።

የአገሪቱ ፖለቲካ ግን ከ1955ቱ የፓርቲ ክፍፍል ወዲህ (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ) በአብዛኛው አፍሪካዊና ሕንዳዊ በሚል ተሰንጥቆ ኖሯል። ስለዚህ ደራስያኑ ስለ መንፈስ ሲጽፉ «ከእውነታው ሸሹ» የሚለው ትችት አይዋጥልኝም። እነሱ የሚጽፉት የተለያዩት ወገኖች በአንድ ገላ ላይ ስለሚገናኙበት ቦታ ነው።

መንገዱን የጠረጉት የቀደሙት ናቸው። ኤድጋር ሚተልሆልዘር በ1955 ባሳተመው ልብ ወለድ ሕያዋኑን የሚያሳድደው የአንድ ሆላንዳዊ የእርሻ ባለቤት መንፈስ ነው። ቦታው ቤርቢስ ነው፤ በ1763 በባርነት የተያዙት ሰዎች በኩፊ መሪነት ያመፁበት ምድር። ዊልሰን ሃሪስ ደግሞ ከደራሲነቱ በፊት በጫካውና በወንዞቹ መካከል የሠራ ቀያሽ ነበር። በ1960 በወጣው «የጣዎስ ቤተ መንግሥት» ዘሩ የተቀላቀለ የጀልባ ቡድን ወንዙን ሽቅብ ይጓዛል፤ ስማቸው ቀድሞ ሰጥመው ካለቁ ሰዎች ስም ጋር አንድ ነው። ሕያውና ሙት መለየት ያቅታል። ቀስ ብለው ካላነበቡት የማይገባ፣ ደጋግመው ቢያነቡት የማይጠገብ መጽሐፍ ነው።

ከአዲሶቹ ልቤን የያዘው ገጣሚው ራጂቭ ሞሃቢር ነው። ከ1838 እስከ 1917 ከሕንድ ወደ ጉያና በኮንትራት ለሸንኮራ እርሻ ከተጓዙት ወደ 239 ሺህ ሰዎች አንዱ የሆነው ላልቢሃሪ ሻርማ የሂንዱዎቹን የሆሊ በዓል መዝሙሮች ጽፎ ትቶ ነበር፤ ሞሃቢር በ2019 በእንግሊዝኛ አወጣቸው። አምልኮውና የሠራተኛው ሰቆቃ አብረው ይዘመራሉ። የእርሻ መዝገብ ቁጥር ብቻ አድርጎ የያዘው ሰው እዚህ ሲጸልይ ይሰማል። በሞሃቢር በራሱ ግጥሞችም የሰሜን ሕንዱ ቋንቋ ቦጅፑሪ፣ የጉያናው ክሪዮልና እንግሊዝኛ ይፈራረቃሉ። ኢማም ባክሽ የተባለው ደራሲም ከምዕራብ አፍሪካ በመጣው የሸረሪቱ የአናንሲ ተረት ላይ ተመሥርቶ ለወጣቶች ጽፏል።

ቅሬታ ግን አለኝ። በጠርሙስ ተይዞ ወተትና ሙዝ የሚቀለበው ባኩ የሚባል መንፈስ፣ ለውጭ አንባቢ ማጣፈጫ ብቻ ሆኖ በየገጹ ብቅ ሲል ነፍሱ ይወጣል። ከዚህ የሚብሰው የካናይማ ጉዳይ ነው። ይህን የሚያስፈራ ተበቃይ መንፈስ ከውስጥ የሚያውቁት በጉያና ያሉት ዘጠኙ ቀደምት ሕዝቦች ሆነው ሳለ፣ በመጻሕፍት የምናገኘው በብዛት በባሕር ዳርቻ ሰዎች ብዕር ነው። እኔ አሁን ማንበብ የምፈልገው ከእነዚሁ ሕዝቦች የማኩሺና የዋፒሻና ልጆች ራሳቸው የጻፉትን ነው፤ አሳታሚዎችም አገራቸው ሩፑኑኒ ድረስ ሄደው ሊፈልጓቸው ይገባል።