የሩቅ እጅ ሊቃውንት

ጦሳ ስር ለሚሰየመው የቡና ሸንጎ የክብር ዶክትሬት የሚሰጥ ጠፍቶ እንጂ፣ የሬዲዮ አስትሮኖሚን ትልቁን ራስ ምታት ከፈታው ቆይቷል።

ራስ ምታቱ ይኸውላችሁ። ከሩቅ ጋላክሲ የሚመጣ የሬዲዮ ሞገድ የሚርገበገብበት አቅጣጫ አለው። በመንገዱ መግነጢሳዊ መስክና ኤሌክትሮን አብረው ካጋጠሙት ያ አቅጣጫ ይዞራል። የፊዚክስ ሊቁ ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1845 በብርሃንና በመስታወት ያየው ነገር ነው። ታዲያ አዟሪው ብዙ ነው፦ ሞገዱ የተነሳበት ጋላክሲ፣ በጋላክሲዎች መሃል ያለው ሰፊ ቦታ፣ የራሳችን ፍኖተ ሐሊብ፣ ይባስ ብሎ አናታችን ላይ ያለው አዮኖስፌር የሚባለው የላይኛው የአየር ንብርብር። እኛ ዘንድ የሚደርሰው ድምሩ ብቻ ነው። ማን ስንት እንዳዞረ አልተጻፈበትም።

ምስኪን ተመራማሪዎች ጎረቤት ይጠይቃሉ። በዚያው የሰማይ ጥግ ያሉ ሌሎች የሬዲዮ ሞገድ ምንጮችን ይለካሉ። ሁሉም ወደ አንድ ወገን ካዘነበሉ "ይሄማ የራሳችን ጋላክሲ ሥራ ነው" ብለው ይቀንሱታል። የተረፈችውን ለሩቁ ይሰጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 የ37,543 ምንጮች ልኬት ታትሞላቸዋል። ያን ሁሉ ይዘውም "ምናልባት" ማለት አልተዉም። አያሳዝኑም?

ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለው ወዳጄ እንዲህ አይንገላታም። በቀደም ውሃው ጠፋ። አቦሉ ሳይቀዳ ምክንያቱ ታወቀ፤ የውጭ እጅ አለበት። ቶናው ላይ እጁ የየትኛው አገር እንደሆነ ተለየ። በረካው ላይ ስንት ዶላር እንደፈሰሰበት ተሰላ። ከአጥሩ ማዶ የጎረቤቱ ባልዲ ሞልቶ ይፈሳል፣ ድምፁም ይሰማል። ግን ጎረቤት መጠየቅ ሌላ መለኪያ ያጣ ሰው ሥራ ነው። አብሽር፣ ሩቁ እያለ ቅርቡን ማን ይቀንሳል!

ደግሞ ችሎታው አይናቅ። የፍኖተ ሐሊብ መግነጢሳዊ መስክ ጉልበቱ ከምድር መስክ አንድ መቶ ሺህኛ ገደማ ነው። በጋላክሲዎች መሃል ያለው ከዚያም እጅግ ይደክማል። እሱን ለማየት ነው ሳይንቲስቶቹ ዕድሜ ልካቸውን ቅርቡን ሲቀንሱ የሚኖሩት። የኛ ሰው ግን በዕጣኑ ጭስ ውስጥ የሩቁን እጅ ጣት ይቆጥራል። ያውም ከሬከቦቱ ሳይነሳ።

ኋላ ልጁ ወጣ ብሎ ቆጣሪው ላይ ያለውን መዝጊያ ከፈተው። ማታ የዘጋው አባትየው ነበር፣ ቧንቧው ያንጠባጥባል ብሎ። ውሃው ተንፏቀቀና መጣ።

"አያችሁ?" አለ ወዳጄ ስኒውን አስቀምጦ፣ "ሲነቃባቸው ለቀቁት!"