ታብሌቱ መች ጠየቀ?

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ገብቶ የልጆች ላፕቶፕ ያላየ ወላጅ ያለ አይመስለኝም። ሮዝ ወይም ሰማያዊ ፕላስቲክ፣ ሁለት ጣት የማትሞላ ስክሪን፣ ቁልፉን ሲነኩት «ኤ ፎር አፕል» የሚል ድምፅ። እሱን ትተን ግን ወደ ታብሌቱ እያዘነበልን ነው። ታብሌት ያልተገዛለት ልጅ ወደ ኋላ ይቀራል የሚለው ወሬ ከከዚራ እስከ ሳቢያን ተዳርሷል። ለእኔ አልተዋጠልኝም።

የዚህ የፕላስቲክ ላፕቶፕ አያቶች ቁም ነገረኞች ነበሩ። የአሜሪካው ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣው «ሊትል ፕሮፌሰር» ሲያዩት ካልኩሌተር ነው፤ ሥራው ግን የተገላቢጦሽ። ሒሳቡን እሱ ይጠይቃል፣ ልጁ ይመልሳል። ልጁ ሲሳሳት ሦስት የ«ኢ» ፊደሎች ይደረድርበታል፤ በሦስተኛውም ካልሆነለት መልሱን ያሳየዋል።

በ1978 ደግሞ ያው ኩባንያ «ስፒክ ኤንድ ስፔል»ን አስከተለ። መጫወቻው አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ይጠራል፤ ልጁ ፊደሎቹን እየለቀመ ይጫናል። ከተሳሳተ እንደገና እንዲሞክር ይነግረዋል፣ ዳግም ከሳተ አጻጻፉን ፊደል በፊደል ያነብለታል፣ አሥር ቃል ሲሞላ ውጤቱን ይናገራል። ድምፁ ካሴት ላይ የተቀዳ አልነበረም፤ የሰውን ንግግር በሒሳብ ቀመር አሳጥሮ መልሶ የሚያወጣ አንድ ቺፕ ነበር። ለቃላቱ የተመደበው ሜሞሪ 32 ኪሎባይት ገደማ ነው። በየሳምንቱ በቴሌግራም የሚላክልን የ«መልካም ሰንበት» ፎቶ ከዚያ ይበልጣል።

ጥበቡ ብልጠቱ አልነበረም፤ ሌላ ሥራ አለማወቁ ነው። ጠይቆ ዝም ይላል፣ መልስ ይጠብቃል። ታብሌት የያዘ ልጅ ግን ጥያቄ ሲከብደው በአንድ ጣት ዩቲዩብ ይገባል። ጥሩ አፕ የለም አላልኩም፤ አለ፤ መውጫው ግን አጠገቡ ነው።

ርካሹን የታይዋን ገበያ ላፕቶፕም በጅምላ አላሞግስም። አብዛኛው ሲነኩት ይጮኻል እንጂ አይጠይቅም። ስለዚህ ስትገዙ ሻጩን ድንጋይ አስገብቶ እንዲያበራው አድርጉና ሆን ብላችሁ ተሳሳቱ። ስህተታችሁን ካላወቀ፣ ወይም ብትስቱም ባትስቱም ያው ጭብጨባና ሙዚቃ ከሆነ፣ መልሱለት።

ከዚያ ይልቅ እዚሁ ብንሠራውስ? እዚያው ገበያ ውስጥ ከጥፍር ያነሰ ቺፕ ከስልክ ነቅለው ሌላ የሚተክሉ ልጆች ሞልተዋል። የዛሬ 40 እና 50 ዓመት ልዩ ቺፕ የጠየቀው ሥራ ዛሬ ተራ ማይክሮኮንትሮለር (በአንድ ቺፕ ላይ ያለ ትንሽ ኮምፒውተር)፣ ሜሞሪ ካርድ፣ ድምፅ ማጉያና የአንድ መምህር የተቀዳ ድምፅ ይበቃዋል። ኢንተርኔት የለበትም፣ ማስታወቂያም የለበትም።

ከባዱ ነገር ቋንቋው ነው። በአማርኛ የተሰማውን ቃል ለመጻፍ የልጁ ፈተና ፊደሉን ከነሰባት ቤቱ ማወቅ ነው፤ ካወቀ በኋላ እንደ እንግሊዝኛ አጻጻፍ የሚያስጨንቀው ነገር ጥቂት ነው፣ የ«ሰ»ና የ«ሠ» ዓይነቱ ብቻ። ይልቅ የሚቸግረው ንባቡ ነው፤ መጥበቅና መላላት አይጻፍማ። «ገና» በዓሉ ይሁን «ገና ነው» የሚባለው፣ ከጽሑፉ አይታወቅም። ስለዚህ የአማርኛው መጫወቻ ጨዋታ ሌላ መሆን አለበት፤ ቃሉን አሳይቶ ሁለት ንባብ እያሰማ ልጁን የሚያስመርጥ።

በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ግን፣ የድሬ ልጆች አማርኛን ጨምሮ የሚማሩባቸው ናቸውና፣ የ1978ቱ አሠራር እንዳለ ይገባል። ሁለቱም በላቲን ፊደል ይጻፋሉ፣ ረጅም አናባቢ ሲሆን ፊደሉ ይደገማል፤ አንድ ፊደል መርሳት ትርጉም ይለውጣል። ጆሮውን አቁሞ ሰምቶ መጻፍ ያለበት ልጅ እዚያ ነው ያለው። እኔ ብጠየቅ፣ በአማርኛ እየጻፍኩም ቢሆን፣ የመጀመሪያውን ከእነሱ እጀምር ነበር።