ስለ እኛ መንገድ ዋሽንግተን ላይ ሲጻፍ

ሄሪቴጅ ፋውንዴሽን የሚባለው የዋሽንግተን ተቋም በ2023 ከ900 ገጽ በላይ የሆነ አንድ ወፍራም ሰነድ አወጣ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ዓለም «ፕሮጀክት 2025» ብሎ ያወቀው እሱን ነው። አብዛኛው ስለ ራሳቸው የቤት ጉዳይ ነው፤ ስለ መንግሥት ሠራተኞች፣ ስለ ትምህርት፣ ስለ ድንበር። አፍሪካ ላይ ሲደርስ ግን አንዲት አጭር ምክር አለች። አሜሪካ ጅቡቲ ላይ ያላት ቦታ እየተዳከመ ስለሆነ መጠባበቂያ እንዲሆናት ለሶማሊላንድ ዕውቅና ትስጥ ትላለች። በቃ፣ ይኸው ነው።

እዚህ ድሬ ለሚኖር ሰው ግን ይቺ መስመር ዝም ብላ የምትታለፍ አይደለችም። ይህችን ከተማ የወለዳት የጅቡቲ ሐዲድ ነው፤ በ1902 ባቡሩ እዚህ ባይደርስ ኖሮ ከዚራም መጋላም ባልኖሩ። ዛሬም አዲሱ ባቡር፣ በደወሌ በኩል የሚገባው ከባድ መኪና፣ ደረቅ ወደቡ፣ በ2022 የተመረቀው ነፃ የንግድ ቀጣና፣ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ጅቡቲ አዙረው ነው የቆሙት። በሌላ በኩል ደግሞ ድሬም ሆነ ሐረር ገበያ ውስጥ ከተደረደረው ዕቃ የትኛው ከሶማሊላንዱ ወደብ ከበርበራ ተነስቶ በቶጎጫሌና በጅግጅጋ በኩል እንደመጣ ነጋዴውም ያውቃል፣ ጉምሩክም ያውቃል፣ ገዢውም አይጠይቅም። አንድ አጎቱ ጅቡቲ፣ ሌላው ሐርጌሳ ያለ ልጅ በየሰፈሩ አለ። እና አንድ ሰው ዋሽንግተን ቢሮው ተቀምጦ «ከጅቡቲ ወደ በርበራ ፊታችንን እናዙር» ብሎ ሲጽፍ፣ ስለ ጦር ሰፈር እያሰበ ይሁን እንጂ እግረ መንገዱን ስለ እኛ እንጀራም እየጻፈ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ሰው ይገጥመኛል። አንደኛው በርጫ ላይ ሲሞቀው «ዓለምን የሚመሯት ጥቂት ሰዎች ናቸው፣ ሁሉ ነገር አስቀድሞ ተጽፏል» የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ወረቀት ነው አቦ፣ ማን ያነበዋል» ብሎ የሚገላገለው። ሁለቱም አልተዋጡልኝም። የመጀመሪያው ቲንክ ታንክ የሚባሉትን እነዚህን የፖሊሲ ጥናት ተቋማት ከአቅማቸው በላይ ያገዝፋቸዋል። ሁለተኛው ደግሞ ሥራቸውን ጨርሶ አላየውም።

እኔ የሚመስለኝ፣ ጉልበታቸው ከቤት ደላላ ጉልበት ጋር አንድ ነው። ደላላ ቤት ግዛ ብሎ አያስገድድህም። ሦስት ቤት ያሳይሃል፣ አንተም ከሦስቱ አንዱን መርጠህ «እኔ ነኝ የመረጥኩት» ትላለህ። ያላሳየህን አራተኛ ቤት መኖሩን እንኳ አታውቅም። አንድ ሚኒስትር ወይም ፕሬዚዳንት ጠዋት ተነስቶ ስለ ቀይ ባሕር ዘጠኝ አማራጭ አያሰላስልም። ጊዜም የለው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሦስት አማራጭ ይቀመጥለታል። አማራጮቹን ከዓመታት በፊት ያረቀቀ፣ በስብሰባ ያለማመደ፣ ለጋዜጠኛ ያስረዳና «ይሄ ያስኬዳል፣ ያ ደግሞ የዕብድ ሐሳብ ነው» ብሎ የለየ ሰው አለ። ሥልጣኑ ያለው እዚያ መለየቱ ላይ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ለንደን ያለው ቻተም ሃውስ በ1920፣ ኒው ዮርክ ያለው የውጭ ግንኙነት ምክር ቤት በ1921 ነው የተቋቋሙት፣ ሁለቱም ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ማግሥት። ምክር ቤት ሲባል የመንግሥት እንዳይመስላችሁ፣ የባንክ ሰዎች፣ የሕግ ሰዎች፣ ምሁራንና የቀድሞ ባለሥልጣናት የተሰባሰቡበት የግል ማኅበር ነው። ሁለተኛው ጦርነት ሲነሳ፣ ከ1939 ጀምሮ፣ በሮክፌለር ፋውንዴሽን ገንዘብ ስለ ድኅረ ጦርነቱ ዓለም ጥናት እያዘጋጀ ለአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ይልክ ነበር። አሜሪካ ገና ጦርነቱ ውስጥ ሳትገባ እነሱ ከጦርነቱ በኋላ ምን ይሁን እያሉ ይጽፋሉ! በ1947 ደግሞ ጆርጅ ኬናን ሶቪየት ኅብረትን ባለችበት አጥሮ ስለመያዝ ስሙን ደብቆ የጻፈው ጽሑፍ የወጣው በዚሁ ማኅበር መጽሔት ላይ ነው። ሐሳቡ ለአርባ ዓመት የአሜሪካ ፖሊሲ ማገር ሆነ። የዚያ ፉክክር እሳት እኛ ዘንድ ኦጋዴን ድረስ መጥቶ እንደነደደ በዕድሜ የገፉ የድሬና የሐረር ሰዎች ይነግሯችኋል።

ቻተም ሃውስ ደግሞ ከ1927 ጀምሮ አንድ ደንብ አለው። ስብሰባው ላይ የተባለውን መጠቀም ትችላለህ፣ ማን እንዳለው ግን አትናገርም። ሰው በነፃነት እንዲናገር ነው ይላሉ፣ እውነትም አላቸው። ችግሩ አገሩ የሚነሳበት ሰው እዚያ ከሌለ ነው። ማን ምን እንዳለብህ ሳታውቅ ውጤቱ ብቻ ይደርስሃል።

ከወረቀቱ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሰዎቹ ናቸው። ምሳሌ ከሩቅ አልፈልግም። በ2020 ጥቅምት የአሜሪካ የሰላም ኢንስቲትዩት የቀድሞ ዲፕሎማቶችና ባለሥልጣናትን ሰብስቦ ስለ ቀይ ባሕር አካባቢ ሰላምና ደኅንነት ሪፖርት አወጣ። የአፍሪካ ቀንድንና የባሕረ ሰላጤውን አገሮች እንደ አንድ ቀጣና እዩ የሚል ነው ጭብጡ። በሚቀጥለው ዓመት ሚያዝያ ዋሽንግተን ለአፍሪካ ቀንድ ልዩ መልእክተኛ ሾመች፣ ጄፍሪ ፌልትማንን። ፌልትማን የረጅም ጊዜ ዲፕሎማት ናቸው፣ የተባበሩት መንግሥታት የፖለቲካ ጉዳዮች ኃላፊም ነበሩ፣ ከመሾማቸው በፊት ግን ብሩኪንግስ የሚባለው ቲንክ ታንክ ውስጥ ነበሩ። ምክትላቸው ሆነው የተሾሙት ደግሞ ከዚያው ከሰላም ኢንስቲትዩት፣ የቀይ ባሕሩን ሥራ ሲሠሩ የነበሩ ሰው ናቸው። ያኔ እኛ «ፌልትማን መጡ፣ ፌልትማን ሄዱ» የሚል ዜና ብቻ እየተከታተልን በፌስቡክ ስንሳደብ ነበር። ሰውየው ይዘውት የሚመጡት አስተሳሰብ ግን ከስድስት ወር በፊት ታትሞ፣ በነፃ፣ ኢንተርኔት ላይ ተቀምጦ ነበር። ስንቶቻችን አነበብነው?

ይሄ ሴራ አይደለም። ሴራ ቢሆን ይደብቁት ነበር። ፓርቲ ሲሸነፍ ሰዎቹ ወደ ተቋማቱ ይገባሉ፣ ይጽፋሉ፣ ፓርቲው ሲመለስ ወረቀታቸውን ይዘው ወደ ቢሮ ይመለሳሉ። ግጭቶችን የሚያጠናውን ኢንተርናሽናል ክራይሲስ ግሩፕን ይመሩ የነበሩት ሮበርት ማሊ በ2021 መጀመሪያ ላይ የባይደን የኢራን ልዩ መልእክተኛ የሆኑት እንዲሁ ነው። ክራይሲስ ግሩፕን ደግሞ እኛ በደንብ እናውቀዋለን። በ2020 ኅዳር፣ ጦርነቱ በተጀመረ በሳምንታት ውስጥ፣ ኢትዮጵያ ላይ የሚሠራው ተንታኙ ከአገር ተባሯል። እዚህም ብዙ ሰው አጨበጨበ። የሚገርመው ግን ያው ያጨበጨበው ሰው በሌላ ጊዜ የዚያው ድርጅት ሪፖርት የሚጠላውን ወገን ሲወቅስ ካየ «ገለልተኛው ዓለም አቀፍ ተቋም እንኳ መሰከረ» ብሎ ያጋራዋል። ስንወዳቸው ምስክር፣ ስንጠላቸው ሰላይ። እንዲህ እያልን መቼም ልናነባቸው አንችልም።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ፣ ምክንያቱም ትልቁ ጥያቄ እዚህ ነው። በ2014 ኒው ዮርክ ታይምስ አንድ ትልቅ ምርመራ አውጥቶ ነበር። ኳታር ለብሩኪንግስ በአራት ዓመት የሚከፈል 14.8 ሚሊዮን ዶላር ለመስጠት እንደተስማማች፣ ኖርዌይና ሌሎችም መንግሥታት ለተለያዩ የዋሽንግተን ተቋማት በሚሊዮኖች እንደሚሰጡ ዘረዘረ። በ2017 ደግሞ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች መካከለኛው ምሥራቅን ለሚያጠና ሌላ ተቋም 20 ሚሊዮን ዶላር እንደመደበች ወጣ። የኤምሬቶች ስም ሲነሳ በርበራ ትዝ ሊለን ይገባል፤ ወደቡን የሚያስተዳድረው የዱባዩ ዲፒ ወርልድ ነው። ጅቡቲ በ2018 የዶራሌን የኮንቴይነር ተርሚናል የነጠቀችው ይኼንኑ ኩባንያ ነው።

አንድ ተመራማሪ ገንዘብ ተቀብሎ ውሸት ጻፈ እያልኩ አይደለም። እንዲህ ዓይነት ነገር እንደዚያ በግልጽ አይሠራም። ሰው ግን የበላበትን ወጪት አይሰብርም። ማንም «ይሄን አትጻፍ» ሳይለው፣ ራሱ የማይነካውን ርዕስ ያውቀዋል። ስለዚህ የሪፖርቱን መደምደሚያ ከማንበባችን በፊት መጨረሻው ገጽ ላይ ያለውን የለጋሾች ዝርዝር ማየት ነው። ዝርዝሩ ከሌለ ደግሞ እሱም አንድ መልስ ነው።

በእርግጥ እነዚህ ምሁራን ዘወትር የሚሰሙ እንዳይመስላችሁ። በ2025 የትራምፕ መንግሥት ያንኑ የሰላም ኢንስቲትዩት ሕንፃውን ሳይቀር ተረክቦ ሠራተኞቹን በተነ። ያ ሁሉ አምባሳደር፣ ያ ሁሉ ሪፖርት አላዳነውም። «ልሂቃኑ ወደቁ» ብሎ የተደሰተ ብዙ ነው። ግን ማን ተካቸው? ትራምፕ በምርጫው ዘመቻ ወቅት ስለ ፕሮጀክት 2025 ምንም አላውቅም ሲሉ ነበር፣ ካሸነፉ በኋላ ግን ከሰነዱ ምዕራፍ ጸሐፊዎች አንዱ ረስል ቮት የመንግሥቱን በጀት ቢሮ ያዙ። አንዱ ቲንክ ታንክ ወጣ፣ ሌላው ገባ። ሄሪቴጅ ይህን ሥራ ከሬገን ጊዜ ጀምሮ ያውቀዋል፤ በ1981 ያወጣው ተመሳሳይ ሰነድ ካቀረባቸው ምክሮች ወደ 60 በመቶ የሚሆኑት እንደተተገበሩ ራሱ በኩራት ይናገራል። በ2025 ነሐሴም ሴናተር ቴድ ክሩዝ ለሶማሊላንድ ዕውቅና ይሰጥ ብለው ለፕሬዚዳንቱ ደብዳቤ ጻፉ። ሐሳቡ የዕብድ ከሚባልበት ወጥቶ የሚያስኬድ ከሚባለው ተርታ የገባው እንዲህ ቀስ እያለ ነው።

እኛስ? በ2024 ጥር 1 ቀን አዲስ አበባ ላይ ከሶማሊላንድ ጋር የመግባቢያ ስምምነት ተፈረመ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ አንካራ ላይ ከሶማሊያ ጋር ሌላ ሰነድ ወጣ። በሁለቱ መካከል የለንደን፣ የብራሰልስና የዋሽንግተን ተቋማት በላይ በላይ ትንታኔ ሲያወጡ ከረሙ። ድሬ ላይ ግን ስምምነቱ የባቡሩን ጭነት ምን ያደርገዋል፣ የጅቡቲ ሰው ቢቀየመን ቀፊራ ገበያ ምን ይሆናል፣ የበርበራ መንገድ በሕጋዊ መንገድ ቢከፈት ኮንትሮባንዱ ይቀንሳል ወይስ ሕጋዊውን ነጋዴ ይበላዋል፣ ይህን በአማርኛ፣ በሶማሊኛ ወይም በኦሮምኛ የሚያስረዳ አራት ገጽ ወረቀት እኔ አላየሁም። አዲስ አበባ ያለው የውጭ ጉዳይ ኢንስቲትዩት ስለ «ሁለቱ ውኆች» ማለትም ስለ ዓባይና ስለ ቀይ ባሕር ብዙ ጽፏል፣ ይበል። ግን የመንግሥት ተቋም ነው። መንግሥትን «ይሄ አያዋጣም» ሊለው የሚችል ሌላ ድምፅ ከጎኑ ካልኖረ ጥናቱ የውሳኔው ማሟያ ከመሆን አያልፍም።

ነፃ የጥናት ተቋም እንደ ልብ ያልበቀለው ሰው ጠፍቶ አይደለም። የማኅበራዊ ጥናት መድረክ በ1998 ሲቋቋም ጥሩ ጅምር ነበር። ከዚያ የ2009ኙ የበጎ አድራጎትና ማኅበራት ሕግ መጣ። ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በመብት፣ በዴሞክራሲና በግጭት አፈታት ላይ እንዳይሠራ ከለከለ። አገር ውስጥ ደግሞ ለጥናት ገንዘብ የሚሰጥ ሀብታም የለም፣ ሀብታሞቻችን ለሠርግ ነው የሚያወጡት። ሕጉ በ2019 ተሻረ፣ በእነዚያ አሥር ዓመታት የቀረው ልምድ ግን በአዋጅ አይመለስም።

ከሁሉ የሚቆጨኝ እዚሁ አጠገባችን ያለው ነው። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ አለ። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ አለ። በየዓመቱ ስለ ንግድ፣ ስለ ትራንስፖርት፣ ስለ ድንበር ስንት የማስተርስ ጽሑፍ ይጻፋል፣ ከመምህሩና ከተማሪው እናት በቀር (እሷም ማንበቧን እንጃ) ማንም ሳያየው መደርደሪያ ላይ ይቀራል። የጅቡቲን መንገድ እንደ እጁ መዳፍ የሚያውቅ ሹፌር፣ ሁለት ወደብ እያነፃፀረ ዕቃ የሚያዝ ነጋዴ፣ ድሮ ምድር ባቡር ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው፣ እነዚህን አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ነው የጠፋው። ዋሽንግተን ያሉት የሚያደርጉት ከዚህ ብዙ አይርቅም፣ እነሱ የሚያስቀምጡት ጡረታ የወጣ አምባሳደር ስለሆነ ነው ትልቅ የሚመስለው።

ለዚህ ደግሞ ሕንፃ መገንባት አያስፈልግም፣ ሪባን መቁረጥም እንዲሁ። የሚያስፈልገው መረጃ ነው። በየወሩ ስንት ኮንቴይነር በባቡር ገባ፣ ስንቱ በመኪና፣ ደረቅ ወደቡ ላይ ስንት ቀን ቆየ፣ ነፃ ቀጣናው ውስጥ ማን ገባ ማንስ ተመልሶ ወጣ። ይህ ቁጥር የሆነ ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ አለ። ለማየት ግን የትብብር ደብዳቤ ይጠየቃል፣ ደብዳቤው ሲመጣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ኃላፊው ሲመጡ ከበላይ ይፈቀድ ይባላል። አጥኚው ልጅ ሲሰለቸው ምን ያደርጋል? ጉግል ከፍቶ የዓለም ባንክንና የዋሽንግተኖቹን ሪፖርት ይጠቅሳል። ስለ ራሱ ከተማ።

ከተማ አስተዳደሩ ይህን ቁጥር በየሦስት ወሩ በድረ ገጹ ላይ ቢለጥፍ ወጪው የአንድ ሠራተኛ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። እስካሁን ያልተለጠፈበትን ምክንያት የሚመለከተው ሰው ቢነግረን ደግሞ ደስ ይለኛል።