በኢፖክሲ የተተከለ ፌሮ ይታመናል?

የመከራከሪያው ሐሳብ፦ «ባለቀ ሕንፃ ላይ በድሪል ተበስቶ በኢፖክሲ (ደርቆ በሚጠነክር ሙጫ) የተተከለ ፌሮ፣ ከአርማታው ጋር አብሮ እንደተሞላ ፌሮ ሊታመን ይገባል።» ተቋራጩ ይደግፋል፤ መሐንዲሱ ይቃወማል።

ተቋራጩ፦
ባለቤቱ ገንዘብ አግኝቶ አንድ ወለል ልጨምር ሲል ከሶሌታው በላይ የተተወ ፌሮ የለም። ምን ይደረግ? ይፍረስ? እንበሳለን፣ ኢፖክሲ እንሞላለን፣ ፌሮውን እንተክላለን። ኮለን፣ ማለትም ምሰሶ፣ ሠርቼበታለሁ፣ በረንዳም ሠርቼበታለሁ። በጃክ ስበን ስንፈትነው የሚሰነጠቀው አርማታው ነው እንጂ ሙጫው አይለቅም። ቢሮ ተቀምጠው የሚሠሩ ሰዎች ግን ሙጫ ሲባል የደብተር ማጣበቂያ ይመስላቸዋል።

መሐንዲሱ፦
ጋሼ፣ «ስበን ስንፈትነው» ያሉት ለስንት ደቂቃ ነው? ለአምስት? ቦስተን ውስጥ የዋሻ መንገድ ጣሪያ የተንጠለጠለባቸው ብሎኖችም ሲተከሉ ተስበው ፈተናውን አልፈው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 የአርማታው ሰሌዳ መኪና ላይ ወድቆ አንዲት ተሳፋሪ ገደለ። መርማሪዎቹ ያገኙት ቶሎ የሚደርቅ ኢፖክሲ ጭነቱ ሳያቋርጥ ሲጎትተው ዓመት በዓመት እየተለጠጠ መልቀቁን ነው። የአሜሪካ የኮንክሪት ኮድ እ.ኤ.አ. በ2011 እትሙ፣ ሳያቋርጥ ለሚጎትት ጭነት የሙጫው አቅም በ0.55 እንዲባዛ አዘዘ። ወደ ውጭ የተንጠለጠለው የእርስዎ በረንዳ የላይኛው ፌሮ ደግሞ ቀንም ሌሊትም ይሳባል።

ተቋራጩ፦
ቦስተን! እኔ የዋሻ ጣሪያ ሰቅዬ አላውቅም፣ ወንድሜ። ኮለን ሸክሙ ወደ ታች ነው፤ ፌሮውን ማን ይጎትተዋል? «ቶሎ የሚደርቅ» ብለህ የጻፍከውም ራስህ ነህ። እነሱ የማይሆን ሙጫ ቢመርጡ ሙጫ ሁሉ ይወገዛል? አምስት ደቂቃ የምትለውንም ከኪስህ ነው ያወጣኸው፤ እኔ አላልኩም።

መሐንዲሱ፦
ስንት ደቂቃ እንደሆነ ግን አሁንም አልነገሩንም። በረንዳውም ከመልስዎ ውስጥ ጠፋ። ኮለኑን ማን ይጎትተዋል ላሉት፦ በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌ ሲንቀጠቀጥ አዲስ አበባ ድረስ አልተሰማንም? ሕንፃ ሲወዛወዝ ኮለንም በአንድ ጎኑ ይሳባል። ደግሞ የበሳችሁት ጉድጓድ በአየር ተነፍቶ፣ በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ፣ እንደገና መነፋት አለበት። እኔ ባየሁት ሳይት ልጁ በአፉ እፍ ብሎ ሞላው። ያ ኢፖክሲ የያዘው ዱቄቱን ነው፤ አርማታውን አልነካውም።

ተቋራጩ፦
እፍ ያለው የእኔ ልጅ ነው? ካልሆነ ለምን እኔ ላይ ይጻፋል? ይህን ሥራ ከቀን ሠራተኝነት ጀምሬ ነው የተማርኩት፤ ጉድጓድ ሳይጸዳ አልሞላም። ለመሆኑ ያን ቀን እፍ ሲባል ቆመህ ስታይ ነበር ማለት ነው? ምን አደረግህ? ፌሮ ሲቆጠር ትመጣላችሁ፣ ጉድጓድ ሲጸዳ ግን ማንም የለም። ፊርማው የእናንተ ነው።

መሐንዲሱ፦
አስቁሜዋለሁ። ባለቤቱ ሌላ አማካሪ ቀጠረ። ስለዚህ ፊርማውን ለእኔ አይስጡኝ፤ ብሩሹ ሲገባ ሲወጣ በዓይኔ ሳላይ አልፈርምም። ለበረንዳ ደግሞ ባይም አልፈርምም።

ተቋራጩ፦
በረንዳ፣ በረንዳ! ሐሙስ አራት ኮለን እተክላለሁ። ብሩሹም ኮምፕሬሰሩም እዚያው ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ና። ሻይህን ጠጥተህ በ5 ሰዓት ብቅ ካልክ ግን ሞልቼ ነው የምትደርሰው።