ወደ ትናንት የተመለሰችው ሴት እና ዋጋውን የሚከፍሉላት ሰዎች

«አውትላንደር» በተሰኘው ተከታታይ ድራማ ሁለተኛ ምዕራፍ ውስጥ ከአእምሮዬ አልወጣ ያለ አንድ ትዕይንት አለ። በ1945 ስኮትላንድ ውስጥ በጥንት ዘመን የቆመ ድንጋይ ዳስሳ ወደ 1743 የተወረወረችው እንግሊዛዊት ነርስ ክሌር፣ ፓሪስ ውስጥ ባሏን ጄሚን ፊት ለፊት ቆማ ትለምነዋለች። ጄሚ፣ እስር ቤት ውስጥ ያሠቃየውንና የደፈረውን የእንግሊዝ መኮንን ጃክ ራንዳልን በሰይፍ ሊፋለመው ቆርጦ ተነሥቷል፤ እርሷ ደግሞ አንድ ዓመት ብቻ እንዲታገሠው ትጠይቀዋለች። በ1945 ትታው የመጣችው የመጀመሪያ ባሏ ፍራንክ የዘር ሐረጉ የሚመዘዘው ከዚህ መኮንን ነውና፣ ራንዳል ሳይወልድ ከሞተ ፍራንክም አይወለድም። ጄሚ አንጀቱ እያረረ ቃሉን ሰጣት። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ድራማዎቹን ያላያችሁም ፍጻሜያቸውን እንደምነካ አስቀድማችሁ ዕወቁልኝ።)

በጊዜ ስለሚጓዙ የድራማ ሴቶች ሲወራ ዘወትር የሚነሣው ጥያቄ «ታሪክን መለወጥ ይገባል ወይ?» የሚል ነው። ይህ ትዕይንት ግን እኔን የወሰደኝ ወደ ሌላ ጥያቄ ነው፦ የሚለወጠው ለማን ተብሎ ነው? ሳይነካ የሚተወውስ ለማን ተብሎ? ክሌርና ጄሚ ፓሪስ የሄዱት ልዑል ቻርልስ ስቱዋርት ያባቶቹን ዙፋን ለማስመለስ የሚጠነስሰውን አመፅ ገንዘብ አሳጥተው በእንጭጩ ለመቅጨት ነበር። ክሌር ኤፕሪል 16 ቀን 1746 ኩሎደን በተባለ ሜዳ ላይ ለልዑሉ የተሰለፉት የስኮትላንድ ደገኞች አንድ ሰዓት እንኳ ባልሞላ ውጊያ እንደሚረግፉ፣ ከዚያም የአለባበስ ባህላቸው ሳይቀር በሕግ እንደሚታገድ ታውቃለች። ይህን እያወቀች እጇን አጣጥፋ ብትቀመጥ ኖሮ ነበር የምወቅሳት። ከባዱ ጥፋቷ፣ ለብዙዎች ስትል ታሪክን ለመገልበጥ በተነሣችበት በዚያው ሰሞን፣ ለምትወደው ለአንድ ሰው ስትል ደግሞ ከዚያው ታሪክ አንዲት ሰበዝ እንዳትመዘዝ መጠየቋ ነው።

ዋጋው ደግሞ ብዙ ሳይቆይ መጣ፤ የከፈለውም አንድ ሕፃን ነው። ጄሚ ከፓሪስ የሴተኛ አዳሪዎች ቤት አውጥቶ ቤቱ ያስገባው ትንሹ ፈርገስ በዚያው በራንዳል እጅ ወድቆ ተደፈረ። ጄሚ ቃሉን አፍርሶ ሰይፉን መዘዘ፤ ክሌርም በዚያው ቀን ታምማ የጸነሰችውን ልጅ አጣች። ከሁሉ የሚያመው ቆይቶ የሚገለጠው ነው። የፍራንክ ቅድመ አያት የሆነውን ልጅ የወለደው ጃክ ራንዳል ሳይሆን ታናሽ ወንድሙ አሌክስ ነበር፤ ጃክ ያደረገው በወንድሙ የሞት አልጋ አጠገብ ከወንድሙ የጸነሰችውን ሴት አግብቶ ለልጁ ስም መስጠት ብቻ ነው። የዘር ሐረጉ መዝገብ ላይ የጃክ ስም ሰፍሯል፤ ክሌርም የምታውቀው መዝገቡን ነበር። ፈርገስ የከፈለው ያን ሁሉ ዋጋ፣ እውነቱን ግማሽ አድርጎ ለያዘ አንድ ገጽ ወረቀት ነው።

በ2011 የተላለፈው የቻይናው «ስካርሌት ኸርት» ይህንኑ ጉዳይ በአንዲት ሴት አፍ በወጡ ጥቂት ቃላት ያሳያል። የዘመናችን ወጣት በንጉሠ ነገሥት ካንግሺ ዘመን በምትኖር ሩዎሺ በምትባል ልጃገረድ ገላ ውስጥ ትነቃለች፤ ከመሳፍንቱ መካከል የሚነግሠው አራተኛው ልዑል መሆኑን ታውቃለች። ስምንተኛውን ልዑል ብትወደውም ዙፋኑን ከመመኘት ልትመልሰው አልቻለችም፤ ስትለየው ታዲያ አራተኛውን ልዑልና ሌሎች ሰዎችን በስም ጠርታ እንዲጠነቀቃቸው ትነግረዋለች። በዚያች ሰዓት ከዚህ የበለጠ የፍቅር ሥራ ያለ አይመስልም። ስምንተኛው ግን ማስጠንቀቂያዋን ይዞ አራተኛውን ማጥመድ ጀመረ፤ በሤራውም የሩዎሺ የቅርብ ወዳጅ የሆነው ዐሥራ ሦስተኛው ልዑል ዐሥር ዓመት በግዞት ተቀመጠ። የሁሉ ነገር መነሻ የራሷ ቃል እንደነበር ስትረዳ የፈሰሰውን ውኃ ማፈስ አልተቻላትም። በዚያው ዓመት የቻይና የሬዲዮ፣ የፊልምና የቴሌቪዥን ባለሥልጣን የጊዜ ጉዞ ድራማዎች ታሪክን ያቃልላሉ ብሎ ነቅፎ ነበር። ይህ ነቀፋ ለሩዎሺ ታሪክ አይገባም፤ ያለፈውን ይህን ያህል ከባድ አድርጎ፣ ሰውን በቃሉ ተጠያቂ አድርጎ የሚያሳይ ሥራ ብዙም አላየሁም።

የደቡብ ኮሪያው ቅጂ፣ በ2016 የወጣው «ሙን ላቨርስ»፣ ታሪኩን ወደ ጥንታዊው የኮሪያ መንግሥት ወደ ጎርዮ ይወስደዋል። የዚህኛው ድራማ ተጓዥ ሄ ሱ የምትወደው ልዑል ዋንግ ሶ ንጉሥ ግዋንግጆንግ እንደሚሆን ስትረዳ የሚያስደነግጣት ወንድሞቹን ይገድላል የሚለው ነው፤ ድራማውም ልቡን የሚሰጠው ለመሳፍንቱ ደም ነው። ፍርሃቷ ከመሬት የተነሣ አይደለም፤ እውነተኛው ግዋንግጆንግ ከ949 እስከ 975 ሲነግሥ ብዙ መኳንንትን በሰይፍ አጥፍቷል። ነገር ግን ይኸው ንጉሥ በ956 ያለ አግባብ ባሪያ የተደረጉ ሰዎች ጉዳይ ተመርምሮ ነፃ እንዲወጡ ሕግ አውጥቷል፤ በ958 ደግሞ ሹመት በፈተና እንዲሰጥ አድርጓል። ሕጉ የመኳንንቱን ጉልበት ለመስበር እንደጠቀመው አልክድም። ነፃ ለወጣው ሰው ግን የንጉሡ ስሌት ምኑ ነው?

ለዚህ ነው የዚህ ዘርፍ ጸሐፊዎች አንድ ጊዜ እንኳ ተጓዧን ከልዑል ግቢ አውጥተው ውኃ ከሚቀዱትና እንጨት ከሚሸከሙት መካከል እንዲያስነቋት የምመኘው። 956 ሊደርስ ጥቂት ዓመታት እንደቀሩት ታውቃለች፤ አጠገቧ የተኙት ሴቶች አያውቁም። ነፃነታቸውን የሚያመጣው ንጉሥ ያው መኳንንቱን የሚያርደው ንጉሥ ነው። አንድ ማታ ከመሳፍንቱ አንዱ በሩን አንኳክቶ ስለ ወንድሙ የምታውቀውን እንድትነግረው ቢጠይቃት፣ ምን ብላ ትመልስለት?