ረጅሙን ቃል ከጭራው ያዙት

ኒሞኖአልትራማይክሮስኮፒክሲሊኮቮልኬኖኮኒኦሲስ። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ 45 ፊደል፣ 19 ሲላብል (ሰዋስው ላይ ቀለም የሚባለው ማለቴ ነው)፣ ሰው ሁሌ ምላሱን የሚፈትንባት ቃል እሷ ናት። እኔ ግን ለሷ ብዬ አልደክምም፣ ምክንያቱም በ1935 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የእንቆቅልሽ ወዳጆች ማህበር ፕሬዚዳንት የነበረው ኤቨረት ስሚዝ ሆን ብሎ እንድትረዝም የገጣጠማት ናት፣ ሐኪሞቹ ራሳቸው በሽታውን (በሲሊካ ብናኝ የሚመጣ የሳንባ በሽታ ነው) ሲሊኮሲስ ብለው ይገላገላሉ።

ስራ ላይ ያለችውን እንውሰድ፣ ኦቶራይኖላሪንጎሎጂ፣ የጆሮ የአፍንጫና የጉሮሮ ህክምና። አንዴ ሰው ፊት ጮክ ብዬ ሳነባት ሶስቴ ጀምሬ ሶስቴም ላሪን ላይ ቀረሁ። ጥፋቴ በትርጉም መቁረጤ ነበር፦ ኦቶ ጆሮ፣ ራይኖ አፍንጫ፣ ላሪንግ ማንቁርት፣ ሎጂ ጥናት። ለመረዳት አሪፍ ነው፣ ለአፍ ግን አይሆንም። አፍ ኦ-ቶ-ራይ-ኖ-ላ-ሪን-ጎ-ሎ-ጂ ብሎ 9 ቦታ ነው የሚከፍላት፣ የላሪንግ ግ ወደ ቀጣዩ ተሻግራ ጎ ትሆንና ዋናው ጉልበት ማለትም ስትረሱ እዛች ጎ ላይ ያርፋል። ባዮሎጂም በሉ ካርዲዮሎጂ ያው ነው፣ ከሎጂ በፊት ያለችው ናት የምትጎላው።

እኛ በፊደላችን ስንጽፋት ሁሉም እኩል ይመስላል፣ ችግሩም እሱ ነው። እንግሊዝኛ ስትረስ ያላገኘውን አናባቢ ያደክመዋል፣ ፎቶግራፍ ላይ ጎልታ የምትሰማው ፎ፣ ፎቶግራፊ ሲባል ፈ ሆና ፈቶግረፊ ትባላለች። ስለዚህ ሲላብሉን ቆጥሮ ሁሉንም እኩል መደብደብ ማንበብ አይደለም፣ እንደዛ የሚያስተምሩ ሰዎች በጣም ያናድዱኛል።

ደሞ ፒ የምትባለዋ ፊደል አለች። ኒሞኒያ (የሳንባ ምች) ላይ ትጻፋለች ግን አትሰማም፣ ምክንያቱም እንግሊዝኛ ሲላብልን በፕን አይጀምርም፣ አፕኒያ (የትንፋሽ መቋረጥ) ላይ ግን ከፊቷ አ ስላለች እዛ ተጠግታ ትሰማለች። ሄሊኮፕተርም እንደዛው፣ በትርጉም ሄሊኮ እና ፕተር ነው (ጠመዝማዛ ክንፍ)፣ ማንም ግን እንደዛ ከፍሎ አይጠራውም።

ዲክሽነሪ ላይ ቃሉ መሃል ያሉትን ነጥቦችም ብዙ አትመኗቸው፣ ብዙ ጊዜ መስመር ሲያልቅ ቃሉ የት እንደሚሰበር ነው የሚያሳዩት። ስትረሱን የሚነግራችሁ የአነባበብ ምልክቱ ነው።

እኔን ያዳነኝ ከኋላ መጀመር ነው፦ ጂ፣ ሎጂ፣ ጎሎጂ፣ ሪንጎሎጂ፣ ላሪንጎሎጂ። ጭራው ከተለመደ አፍ ከማያውቀው ወደሚያውቀው ስለሚሄድ መሃል ላይ አይቆምም፣ ኦቶራይኖን ከፊት መቀጠል ከዛ በኋላ ቀላል ነው።